ሞተረኛ የሚለካው ተቀምጦ ነው

በ1996 ዓ.ም. አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ኮርቻ እሰፋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ አጎቴ ሐሰን ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ብዙም አልገፋሁበትም። ወስፌና ሰም የነካው ክር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ አልወጣም።

የሞተረኛ ልብስ የጀመርኩበት ቀን ማክሰኞ ነበር። የሰኞው ገበያተኛ ሄዶ ሱቁ ጭር ብሏል። አንድ ጎልማሳ ቀይ ሞተር ሱቄ በር ላይ አቆመ። ስሙ ጀማል ይባላል፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው፣ በእረፍቱ ሞተር ይወዳደራል። ክንዱ የተተረተረ የውጭ አገር የቆዳ ጃኬት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ።

"ጋሼ፣ ይቺን ይሰፉልኛል?"

"እኔ የምሰፋው ለፈረስ ነው።"

"ይኸውና ፈረስ! የሠላሳ ፈረስ ጉልበት አለው።"

"ለሠላሳ ፈረስ አንድ ኮርቻ? ባለቤቱ ቋጣሪ ነው።"

ሳቀና ጃኬቱን ትቶልኝ ሄደ።

ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። የኮርቻ ስፌት ከላይ ይታያል፣ ክሩም ወፍራም ነው፤ ሥራው መጎተትን መቻል ነው። የዚህ ጃኬት ስፌት ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ ተደብቋል፣ ከሥሩም ሌላ ስፌት አለው። ትከሻውና ክርኑ ላይ ቆዳው ድርብ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩ። አስፋልት ሞረድ ነው። ከላይ ያለን ክር ቀድሞ ይበላዋል፤ ክሩ ከተበላ ልብሱ ይከፈታል፣ ልብሱ ከተከፈተ ሰውየው አለቀለት።

ጀማል ጃኬቱን ሊወስድ ሲመጣ ሦስት ከረጢት አሸዋ ሞልቼ ጠበቅሁት። አንዱን በበግ ቆዳ፣ አንዱን በፍየል፣ አንዱን በለፋ የበሬ ቆዳ ሸፍኛቸዋለሁ። እያንዳንዱን በገመድ ከሞተሩ ኋላ አስሮ እኩል መንገድ በአስፋልት ጎተተልኝ። የበጉ ቆዳ አሸዋውን መንገድ ላይ ዘርቶ ባዶውን ተመለሰ። የፍየሉ ተቀደደ። የበሬው ነጣ እንጂ አልተበሳም። ከዚያ ወዲህ ለሞተረኛ በበግ ቆዳ አልሰፋም አልኩ። አልሰፋሁምም።

ደንበኛ በዚህ ይጣላኛል። አንዱ የሙሽራ አጃቢ ነበር፤ ቪዲዮ ቀራጩን ከኋላው ፊቱን አዙሮ ጭኖ ከሙሽራው መኪና ፊት ፊት የሚነዳ።

"ጋሼ፣ ይቺ ከበደች። ቀለል ያድርጓት እንጂ፣ ለቪዲዮ እኮ ነው!"

"ስትወድቅም ይቀርጹሃላ።"

"ኧረ በአላህ! ምን ያሟርቱብኛል?"

"አላሟረትኩም፤ ለካሁህ።"

ሌላው ጭቅጭቅ ልኩ ላይ ነው። ኮርቻ የሚለካው ፈረሱ ላይ ነው። ሞተረኛንም የምለካው ሞተሩ ላይ አስቀምጬ፣ መሪውን አስይዤ፣ ጎንበስ አድርጌ ነው። እንዲህ የተሰፋ ልብስ ቆመው ሲያዩት ከኋላ ይወጠራል፣ ከፊት ይሸበሸባል። መስታወት ፊት ቆሞ "ጎባጣ አደረጉኝ!" ያላለኝ የለም። "ስትቆም ትጎብጣለህ፣ ስትነዳ ትቃናለህ፤ ቆመህ የምትለብሰውን ከልብስ ሰፊ ቤት ግዛ" እላለሁ። አንዳንዱ ይሄዳል። ይሂድ።

በሦስተኛው ዓመት ኮምቦልቻ ላይ ውድድር ተዘጋጀ። አዘጋጆቹ ሄልሜትና ሙሉ የቆዳ ልብስ የሌለው አይነሳም አሉ። ጀማል ጃኬትና ሱሪ አዘዘኝ። ለትከሻውና ለጉልበቱ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ከሰል ላይ አለስልሼ በየልካቸው አጎበጥኩና በስፖንጅ ሸፍኜ ከቆዳው ሥር ከተትኩ። ጃኬቱ አልቆ ሱሪው ሲቀረኝ ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ መጡ። አንዱ የመስጊዳችን ሼህ፣ አንዱ ጎረቤቴ፣ አንዱ አጎቴ ሐሰን።

"እንድሪስ" አለ አጎቴ፣ "የጀማል እናት ዘሃራ ልካን ነው የመጣነው። ባሏን ቀብራለች፤ ያላት እሱ ብቻ ነው። እሱን ለምና አልሰማትም። ልብስ ከሌለው አያስነሱትም አሉ። አትስፋለት።"

"አጎቴ፣ እኔ ብተው ከገበያ የበግ ቆዳ ገዝቶ ይለብሳል። አዘጋጆቹ የሚያዩት ቆዳ መሆኑን ነው፤ የምን ቆዳ እንደሆነ አይጠይቁም።"

"እሱ የሻጩ ጉዳይ ነው። አንተ እጅህን አውጣ።"

"አስፋልቱ የሚያገኘው ሻጩን አይደለም፣ ጀማልን ነው።"

"ሽማግሌ ይመለሳል እንዴ?" አሉ ሼሁ።

"ሻይ ልዘዝላችሁ፣ ተቀመጡ። ልብሱን ግን እሰፋለሁ።"

ተነሡ። ሻይም አልጠጡ፣ አልመረቁኝም። ሽማግሌ ሳይመርቅ ሲወጣ ቀላል ነገር አይደለም። አጎቴ ሐሰን ከዚያ በኋላ እስኪሞት ሱቄን አልረገጠም፤ መንገድ ስንገናኝ ሰላምታዬን ራሱን በመነቅነቅ ብቻ ይመልስ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ዘሃራ ራሳቸው መጡ።

"ሽማግሌ መለስክ አሉ።"

"መለስኩ፣ እትዬ።"

"ይሄ ነገር ያድንልኛል? እስቲ ወላሂ በል።"

"አልምልም። ቆዳ ቆዳውን ያድንለታል። አጥንቱን አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ይረባል?"

"ቢወድቅ ሳይላጥ ይመለስልዎታል።"

ጃኬቱን አንስተው ትከሻው ላይ ስፌቱን ግራና ቀኝ ይዘው ባላቸው ጉልበት ጎተቱት። አልላላም። ከዚያ የግራውን ክርን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

"እዚህ ጨምርበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲወድቅ በግራው ነው።"

ይህን ብለው ወጡ። እኔም ሦስተኛ ድርብ ጨመርኩበት።

የውድድሩ ዕለት እትዬ ዘሃራ ቤታቸው ቀሩ። እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ መታጠፊያው ጋ ቆምኩ፤ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ጀማል በሦስተኛው ዙር አንዱን ሊቀድም ወደ ጠርዙ ወጣ። እዚያ ጠጠር ነበር። የኋላ ጎማው ሸሸ። ሞተሩ ለብቻው ቦይ ውስጥ ገባ፤ ጀማል በቀኝ ጎኑ አስፋልቱን እየፋቀ ረጅም መንገድ ሄደ። በቀኝ ነው ያልኩት፤ የግራ ክርኑ አስፋልት አልነካም።

ሮጬ ስደርስ መጀመሪያ የዳሰስኩት ልብሱን ነው። ሱሪው ዳሌ ላይ የላይኛው ድርብ ቆዳ ተበልቷል፤ የታችኛው ይዟል። ስፌቱ አልተከፈተም።

"ጋሼ፣ እኔን ነው ወይስ ሱሪውን ነው የሚያዩት?" አለኝ አፈር እየተፋ።

"አንተ ስታወራ እየሰማሁ ነው። አብሽር።"

ደሴ ሆስፒታል ወሰድነው። የቀኝ ትከሻው አጥንት ተሰብሯል። ጎኑና ጭኑ አልተላጡም። የቀኝ መዳፉ ግን ሥጋው እስኪታይ ተገፏል። ጓንቱን ከገበያ ነበር የገዛው፣ የበግ ቆዳ። አዘጋጆቹ ጃኬትና ሱሪ አይተው አሳልፈውታል፤ እጁን ያየለት የለም።

እትዬ ዘሃራ አልጋው አጠገብ ቆመው አንሶላውን ገልጠው ጎኑን አዩ፣ ጭኑን አዩ። ከዚያ የታሰረውን እጁን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። ቆዳ የሚያድነው የሸፈነውን ነው። ያልሸፈነውን አያድንም።

በማግሥቱ ጠዋት ለጓንት መለኪያ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሆስፒታል ተመለስኩ። ጀማልን ቀና ብሎ እንዲቀመጥ አደረግሁና ደህናውን ግራ እጁን ወረቀቱ ላይ አስዘርግቼ፣ መሪ እንደያዘ ጣቶቹን ትንሽ አጠፍኳቸው። ልኩን ገልብጬ ቀኙንም አወጣለሁ። በጣቶቹ ዙሪያ መሳል ስጀምር ወረቀቱ ተንሸራተተብኝ።

"አይ እንድሪስ፣ አንተም እንደሱ አትሰማም" አሉ እትዬ ዘሃራ፤ ወረቀቱንም እንዳይሄድብኝ በሁለት ጣታቸው ያዙልኝ።