ከቦንዳ የማይወጣው አገር

ቦንዳ ሲከፈት የሚመጣ ሽታ አለ። የፕላስቲክ፣ የብል መድኃኒትና የማናውቀው አገር ሳሙና ሽታ ለወራት አንድ ላይ ታፍኖ ይቆይና ማሰሪያው ሲበጠስ ፊት ላይ እፍ ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ወንድሜ ልባሽ ልብስ ይሸጥበት የነበረውን መደብ ከፍቼ፣ ሳይከፍተው የሄደውን የመጨረሻ ቦንዳ በቢላ ስቆርጥ ይኸው ሽታ መጣብኝና ቢላውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

የመጣሁት ለመሥራት አልነበረም። መደቡን የሚያከራዩት ሰውዬ እስከ ሰኞ ወይ እንድንቀጥል ወይ ቁልፉን እንድንመልስ ለእናቴ ነግረዋታል። እሷም «አንተ እንዳልክ» ብላ ቁልፉን እጄ ላይ አደረገችው። የወንድሜ የብሩክ ዐርባ ወጥቷል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቤታችን የቆመው በዚህ መደብ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ ሸጬበት አላውቅም።

ከቦንዳው አናት ላይ አንድ ሰማያዊ የቱታ ጃኬት ነበር። ጀርባውን ገልብጬ ሳየው NED ይላል። «ሆላንድ» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

እነዚህን ሦስት ሦስት ፊደሎች ሌላው ሰው የሚያውቃቸው ኦሊምፒክ ሲመጣ ነው፤ በቴሌቪዥን ከሯጩ ስም አጠገብ ተጽፈው ያያቸዋል። እኔ የተማርኳቸው ከልብስ ጀርባ ላይ ነው፣ ያስተማረኝም ብሩክ። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ትምህርቱን ከአስረኛ ክፍል አቁሞ እዚህ መደብ ላይ ሲቀመጥ እኔ ገና ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እና ያኔ ሥራው ሥራ መሆኑ አይገባኝም ነበር፤ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እሱም ጨዋታ አስመስሎት ነው መሰለኝ። ከቦንዳው የአገር ፊደል ያለበት ቱታ ሲወጣ ወዲያው አይሰቅለውም። ለብቻው አጥፎ ከመደቡ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ዓርብ እስኪደርስ።

ዓርብ የውድድር ቀን ነበር። የጁምዓ ሶላት አልቆ፣ ሰውም ከቀትር እንቅልፉ ነቅቶ፣ ያ የድሬ ሙቀት ትንሽ ላላ ሲል ብሩክ ጃኬቶቹን በጆንያ ተሸክሞ ደቻቱ ወንዝ ይወርዳል፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከኋላው። ወንዙ ደረቅ ነው፣ አሸዋ ብቻ። እዚያ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አገር ያለብሰናል። የትልልቅ ሰዎች ልብስ ስለሆነ እጅጌው ጉልበታችን ይደርስ ነበር፤ ከሩቅ ያየን ሰው ጃኬቶቹ ብቻቸውን የሚሮጡ ይመስለው ነበር። ከድልድዩ እስከ ጎሚስታው ቤት ትይዩ ደርሰን እንመለሳለን። ብሩክ ድንጋይ ላይ ቆሞ እንደ ቴሌቪዥኑ ሰውዬ ድምፁን ያወፍራል፦ «ጀርመን ከፊት! ጣልያን በቅርብ ርቀት! ኬንያ ጫማዋን አውልቃለች!»

አንድ ሕግ ነበረው። መውደቅ ክልክል ነው። ጃኬቱ ቅዳሜ ጠዋት ስለሚሸጥ የወደቀ ልጅ አገሩ ይታገዳል፣ ጃኬቱንም ቤቱ ወስዶ አጥቦ፣ አድርቆ ይመልሳል። ስለዚህ እኛ ለማሸነፍ ሳይሆን ላለመውደቅ የምንሮጥ፣ በዓለም ላይ ምናልባት ብቸኛዎቹ ሯጮች ነበርን።

አገሮቹንም በራሱ መንገድ ነበር የሚያውቃቸው። ጀርመን ዚፑ አይበላሽም፣ ጣልያን ያምራል ግን ቀለሙ ይለቃል፣ የደቡብ አፍሪካ ኪሱ ጥልቅ ነው። ያላወቀው ፊደል ሲመጣ ደግሞ አይጨነቅም፣ አንድ አገር ይሰጠዋል። SUI የሚል ቀይ ጃኬት ሲመጣ ሱዳን ነው ብሎ ለአብዲ አለበሰው። አብዲ ከጎናችን ሻሽ የምትሸጠው የኤዶ ፋጡማ ልጅ ነው፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነበር የሚጠራት። እንዲያ ዓይነት ቀይ ጃኬት ደጋግሞ እየመጣ አብዲ ዓመቱን ሙሉ ለሱዳን ሮጠ፣ ሳይወድቅ። በኋላ በቴሌቪዥን ያንኑ ፊደል ከቀይ ባንዲራና ከነጭ መስቀል ጋር አየነውና እያለቀስን ይሁን እየሳቅን እንጃ፣ ወደ ብሩክ ሮጥን።

«ስዊዘርላንድ ነው! ዋሽተኸናል!» አለው አብዲ።

ብሩክ ትንሽ አሰበ። «እስከ ዛሬ የሮጥከው ለሱዳን ተመዝግቧል» አለ። «የዓርቡ ለስዊዘርላንድ ይሆናል። ሁለት አገር ያለው ሯጭ አንተ ብቻ ነህ አቦ፣ ምን ትፈልጋለህ?»

አብዲን ደስ ሳይለው አልቀረም።

እኔ የምፈልገው ETH ነበር። እሱ ግን ከየትኛውም ቦንዳ አይወጣም። ብሩክን በየሳምንቱ እነዘንዘው ነበር፤ ለምን የሁሉም አገር ሲመጣ የእኛ አይመጣም? «የእኛ ሰው ቱታውን እስኪያልቅ ነው የሚለብሰው» ይለኝ ነበር። «ማን ይጥለዋል?»

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ አረንጓዴ ጃኬት ሰጠኝ። ጀርባው ላይ ሦስቱ ፊደሎች አሉ፣ ግን ቁመታቸው አንድ አይደለም፣ ቀለማቸውም። E የተፈታችው ከጀርመን፣ T ከጣልያን፣ H ከሀንጋሪ ነው። ሦስት ሊሸጡ የሚችሉ ጃኬቶች አበላሽቶ፣ ክሩን በምላጭ ፈትቶ፣ በእጁ ሰፍቶታል። ያን ቀን ሌላው ልጅ ሁሉ ዞር ብሎ እያየኝ ነበር የሚሮጠው። እኔም እንዲያዩኝ ስሮጥ መታጠፊያው ላይ እጅጌዬን ረግጬ በአፍጢሜ ተደፋሁ።

«ኢትዮጵያ ታግዳለች!» አለ ብሩክ ከድንጋዩ ላይ።

«ወንድምህ ነኝ እኮ!»

«ወስደህ እጠብ።»

እያለቀስኩ አጠብኩት። በማግስቱ ሸጠው፣ ለአንድ ባጃጅ ነጂ። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ለብሶት ሲዞር አየው ነበር፤ ከኋላው ስሄድ የጠማማዋ H አንድ እግር ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ አደግን። ዓርብ መቼ እንደቀረ አላስታውስም፤ የቀረበት ቀን የለም፣ እየቀነሰ ቀረ። አብዲ ጅቡቲ ሄደ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ፣ እና ቀስ በቀስ በቀፊራ በኩል ማለፍ ተውኩ። የክፍል ልጆች ወንድሜን ልባሽ ከምሮ ሲጮህ እንዲያዩት አልፈልግም ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ብሩክ ግን ሳያውቅ አልቀረም፤ ድንገት መደቡ ጋ ስደርስ «ምን ትሠራለህ እዚህ? ሂድ አጥና» ብሎ ቶሎ ይሸኘኝ ነበር።

ብሩክ ሲታመም ጉበቱ ነው አሉን። ሦስት ሳምንት ተኛ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት ጠራኝና «ናቲ፣ እስክነሳ መደቡን ክፈትልኝ፣ ለጥቂት ቀን ነው» አለኝ። በዕድሜዬ የጠየቀኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው። ፈተና አለብኝ አልኩት። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካለቀ አራት ቀን አልፎት ነበር። እሱም ያውቃል፤ የመጨረሻው ቀን ስመለስ በር ላይ ቆሞ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው።

«እሺ» አለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አጥና።»

ከዚህ በላይ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መደቡ አልተከፈተም፣ እሱም አልተነሳም።

ቅዳሜ ዕለት እንግዲህ ልብሱን አንድ በአንድ እያወጣሁ መስቀል ጀመርኩ። ምን እንደወሰንኩ ገና አላውቅም ነበር፤ ከምሮ መተው ከበደኝ እንጂ። ኤዶ ፋጡማ ከጎን ሆና ስታየኝ ቆየች።

«ናቲዬ፣ ከፈትክ ነው ወይስ እየዘጋህ ነው?» አለችኝ።

ወዲያው ሁለት ተማሪዎች መደቡ ፊት ቆሙ። ትንሹ አንድ ጥቁር ጃኬት አንስቶ ጀርባውን አሳየኝ። MDA ይላል።

«ይሄ የየት አገር ነው?»

አየሁት።

«አላውቅም» አልኩት።

ኤዶ ፋጡማ ሳቀች። «ወላሂ፣ ብሩክ ቢሆን አላውቅም ይልህ ነበር? አንድ አገር ፈልጎ ይሰጥህ ነበር እንጂ!» አለችው ለልጁ። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። የምታጥፈውን ሻሽ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

እውነቷን ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ብፈልገው ኖሮ ትክክለኛው አገር በአንድ ደቂቃ ይገኝ ነበር። ልጁም «እሺ» ብሎ ይሄድ ነበር። ብሩክ የሚሰጠው ስም ምናልባት ስሕተት ይሆን ነበር፣ ልጁ ግን በዚያ ስም ደቻቱ ወርዶ ይሮጥ ነበር። እኔ እንደሱ ማድረግ አልችልም። ሞከርኩ፣ አንድ አገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ አልወጣም።

ልጁ ጃኬቱን አስቀምጦ ከጓደኛው ጋር ሄደ።

«ሰኞ ሰውዬው ከመጡ» አልኳት ኤዶ ፋጡማን፣ «ቁልፉን አይመልስም፣ ይቀጥላል በያቸው።»

ራሷን ነቀነቀች።

የቀረውን ቦንዳ ለብቻዬ አወጣሁ። ያኔ እሺ ብዬው ቢሆን ማታ ማታ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ የትኛው ከፊት እንደሚሰቀል፣ የትኛው ሥር እንደሚቀመጥ እጠይቀው ነበር፤ ደክሞትም ቢሆን ይነግረኝ ነበር። አሁን እንዳገኘሁ ሰቀልኩት። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳየው የእሱ መደብ አይመስልም ነበር።