በግዕዝ የተጻፈው ስድስት

የፎቶ ክበቡን ሊቀመንበር ሰው ሁሉ «ጋሽ ታፔላ» ይለዋል፤ ፊት ለፊት «ጋሼ» ብቻ፣ ዞር ሲል ደግሞ ሙሉውን። አርባ ዓመት የሱቅና የመሥሪያ ቤት ታፔላ ሲጽፍ ኖሯል። ክበቡን ካቋቋመ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አባላቱ ሃያ ሦስት ናቸው፤ ቅዳሜ በሰዓቱ የሚመጡት አምስት፣ የቀሩት ሻይ ከፈላ በኋላ የሚደርሱ።

እንደሱ ደንብ የሚወድ ሰው አልተፈጠረም። አሥራ አራቱንም አንቀጽ ብቻውን ነው የጻፈው። ለውድድር የሚሰቀል ፎቶ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። የስሙ ዝርዝር ከሊቀመንበሩ ኪስ አይወጣም። ዳኛ ከውጭ ይመጣል። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ «አንዴ የተነገረ ውጤት አይለወጥም» ይላል፤ ይህን ያስገባው ልብስ ሰፊውና መምህሩ በአንድ የድመት ፎቶ ተጣልተው ስምንት ወር ከተኳረፉ በኋላ ነው።

ከፎቶዎቹ ሥር የሚለጠፉትን ቁጥሮች በብሩሽ፣ ያውም በግዕዝ ካልጻፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እግራቸውን እያጠማዘዘ፣ ጭራ እየቀጠለላቸው ያስጌጣቸዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ስድስትህ እኮ ሰባት ይመስላል» አለው ዘንድሮ ፀጉር አስተካካዩ።

«ዓይንህን ታከም» አለው ጋሽ ታፔላ። ሰው ሳቀ። ጡረተኛዋ አዋላጅ አጠገባቸው መቀመጧን ያየው ከተናገረ በኋላ ነበር፤ አፈረ።

እትዬ አዋላጅ የግማሹን አባላት ልጆች በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ተወዳድራ ሦስተኛ እንኳ ወጥታ አታውቅም። ዘንድሮ የዓይን ግፊት ይዟታል፤ ሐኪሙ ለከርሞ ውድድር ብርሃን እንደማይተርፋት ቁርጡን ነግሯታል። ፎቶዋን ያመጣች ዕለት ጋሽ ታፔላን ለብቻው ጠርታ እንዲህ አለችው፦

«ዋንጫውን አልፈልገውም፣ ወንድሜ። ዓይኔ ሳይጠፋ፣ ዓይን እንደነበረኝ አንድ የማያውቀኝ ሰው ይንገረኝ። እናንተማ ታዝኑልኛላችሁ።»

ፎቶዋ ከማዋለጃው ክፍል ደጃፍ ላይ የተነሳ ነው፤ አንድ ባል ተደናግጦ ሲሮጥ ጥሎት የሄደ አንድ እግር ጫማ። ጋሽ ታፔላ ወደደው። ጠርዙ ትንሽ መደብዘዙንም አይቷል፣ ግን ሊቀመንበር አስተያየት አይሰጥም፤ አንቀጽ አራት። ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛ አድርጎ መዘገባት። ስድስተኛው የፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ ከመስታወት ፊት ያለ ባዶ ወንበር።

ዳኛዋ ከሌላ ከተማ የመጣች የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበረች። ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ዞረች፣ ጻፈች፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣት የውጤቱን ቅጽና ስለ አንደኛው አስተያየቷን የጻፈችበትን የታጠፈ ወረቀት ለሊቀመንበሩ ሰጥታ ወጣች። ጋሽ ታፔላ ሰው ፊት ቆሞ ቅጹን ገለጠ። «1ኛ፦ ቁጥር 7» ይላል። ከኪሱ ዝርዝሩን አወጣና አየ። ልቡ ዘለለች።

«አንደኛ! እትዬ አዋላጅ!» ብሎ ጮኸ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ፀጉር አስተካካዩ ነው። እሷ የወንበሮቹን መደገፊያ በእጇ እየዳበሰች ወጣች፤ ዋንጫውን ተቀብላ ግን ወዲያው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሰዉ ሲበተን ጠብቃ ወደ ጋሽ ታፔላ ቀረበች።

«ምን ብላ ጻፈች? አንብብልኝ። ለኔ ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ሆኗል።»

የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋ። «ባዶው ወንበር የተነሳውን ሰው ይነግረናል» ይላል መጀመሪያው። ጋሽ ታፔላ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ስድስት ቁጥር እግሩን አጠማዝዞ፣ ጭራውን አርዝሞ እዚያው ተለጥፏል፤ ለማያውቀው ሰው ሰባት ነው። በገዛ እጁ ያስጌጠው ጭራ።

«ምነው ዝም አልክ? ክፉ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ እትዬ» አለና ማንበብ ጀመረ። «ባዶው… ጫማ የሄደውን ሰው ይነግረናል። ከመስ… ከወለሉ የሚመለሰው የጠዋት ብርሃን የአንሺውን ትዕግሥት ያሳያል። ይህ ማየት የሚያውቅ ዓይን ነው።»

«ጫማውን አየችልኝ!» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ማየት የሚያውቅ ዓይን አለች? በሞቴ ድገመው።»

ደገመው። ድንጋጤው ግን የመጀመሪያውን አስረስቶት ኖሮ አሁን «ከደጃፉ የሚመለሰው» አለ።

«ቅድም ወለሉ ብለህ አልነበር?»

«ሁለቱንም ብላለች።»

ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ሊደረድር ተመለሰ። «ጋሼ፣ ስለኔዋ ወንበር ትንሽ ነገር እንኳ አላለችም?»

ጋሽ ታፔላ እውነቱን ሊያወጣው አፉን ከፈተ። እትዬ አዋላጅ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ፈገግ እንዳለች ነበረች። አንጀቱን በላችው።

«ምንም» አለ።

«እሺ፣ ለከርሞ» አለና ሄደ ሰውየው።

«በል ስጠኝ» አለች፣ እጇን ዘርግታ።

«እኔ በቁም ጽሕፈት አሳምሬ ገልብጬ ነገ ላምጣልሽ?»

«የለም፣ የሷን የእጅ ጽሑፍ ነው የምፈልገው። ደግሞስ አንቀጽ አሥራ አንድ ምን ይላል? የዳኛ አስተያየት ለፎቶው ባለቤት ይሰጣል። አንተው አይደለህ የጻፍከው!»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄኔ ነው። እውነቱን ቢነግራት ዓይኗን ከበሽታው ቀድሞ ሊያጠፋ ነው፤ ባይነግራት ወረቀቱ ይነግራታል። ወረቀቱን አጥፎ እጇ ላይ አኖረው፤ ሌላ የሚያደርገውን አላወቀም።

«ልጄ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው። እሷም ታንብብልኝ» ብላ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። ከደጅ የእናትና የልጅ ሳቅ፣ ቀጥሎ ወረቀት ሲገለጥ ሰማ።

«ባዶው…» ብላ ጀመረች ልጅቷ። «ወንበር» የሚለው ላይ ስትደርስ አቋረጠች።

«ቀጥይ እንጂ» አለቻት እናቷ።