ከግድግዳው ማዶ ያለችው ተማሪ

ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ሰሌዳው ላይ ሁለት እኩልታዎች ጽፌ ገና መፍታት ሳልጀምር፣ ሁለት ታጣቂዎች ክፍሉ በር ላይ ቆመው «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። የሻገተ ገብስ ይሸታል። ብቻዬን ነበርኩ። ፍርሃቴን ለማስታገስ ያቋረጥኩትን ትምህርት በሹክሹክታ ቀጠልኩ።

«ኤክስ ሲደመር ዋይ፣ ሰባት። ኤክስ ሲቀነስ ዋይ፣ አንድ።»

«ቲቸር፣» አለኝ ግድግዳው፣ ከወለሉ አጠገብ። «እኔ ሰባት እኩል ይሆናል ሰባት ብቻ ነው የሚወጣልኝ።»

የሴት ልጅ ድምፅ ነው። አስተማሪ መሆኔን እዚያ ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ግድግዳው ተጠግቼ፣ «ኤክስን ከየትኛው አገኘሽው?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው።»

«የት ተካሽው?»

«እዚያው መጀመሪያው ላይ።»

«ከወጣበት ከመለስሽውማ አዲስ ነገር አይነግርሽም። ሁለተኛው ላይ ተኪው።»

ጥፍር ግድግዳ ሲቧጥጥ ሰማሁ።

«ዋይ ሦስት! ኤክስ አራት!» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ እናቴ እዚህ መሆኔን አታውቅም። ስሜንም መዝገብ ላይ አልጻፉትም።»

ጠባቂው በሬን ደበደበ። «ገና በመጀመሪያ ቀንሽ ከግድግዳ ጋር ወሬ ጀመርሽ?»

«እዚህ ማዶ ልጅ አለች።»

ሳቀ። «እዚያ ክፍልማ አይጥ እንኳ የለም፣ የኔ እመቤት።»

ከዚያ ወዲያ ብጣራም መልስ አልነበረም።

ከተፈታሁ ወዲህ፣ ዛሬም ተማሪ ደብተሩን ይዞ «ሰባት እኩል ይሆናል ሰባት» ሲለኝ ወዲያው አላርመውም። ትንሽ አዳምጣለሁ።

በታሰርኩ በማግስቱ ጠዋት ስንቅ እንድቀበል ሲያወጡኝ የዚያን ክፍል በር አየሁት። ቁልፉ ዝጓል፤ ሸረሪት ድር አድርቶበታል። ስም ስጠራ እንኳ ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች የማይሰሙኝ ሰው ነኝ። ግን ውጭ ወደተሰለፉት ስንቅ አቀባዮች ዞሬ ጮኽኩ፦

«ልጇ የጠፋችባት እናት አለች? አንዲት ተማሪ እዚህ ውስጥ ናት!»

ጠባቂው ክንዴን ጨመደደኝ። ከሰልፉ መጨረሻ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ወጡ።

«ደጋግማችሁ የለችም አላችሁኝ፣» አሉ። «አሁን ሳላያት አልሄድም።» ስንቃቸውን አስቀምጠው የመጋዘኑ በር ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ይነሱ!» አለ ጠባቂው።

አልተነሱም። እኔም ክንዴን አስለቅቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።