የሜልቫ አውራ ጣት

ሜልቫ ብራትዌይት በከተማችን በኮሎን ሆስፒታል ደም ስትመረምር ዕድሜዋን ጨርሳ ጡረታ ስትወጣ፣ ሰፈራችን ከእንግዲህ በረንዳዋ ላይ ዶሚኖ እየተጫወተች የምትኖር መስሎት ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር። ዶሚኖ ላይ ታጭበረብራለች፤ ይህን የምናገረው ስለምወዳት ነው። ግን ቁጭ ብላ የምታረጅ ሴት አልነበረችም። ደግሞም አብሯት የሚኖረው የእህቷ ልጅ አብዲኤል በየግጥሚያው ፊቱን አስቀድዶ ይመጣ ነበር።

አብዲኤል ቦክሰኛ ነው፣ ያውም ግራኝ። እጁ ፈጣን፣ ልቡ ሙሉ፣ ቅንድቡ ግን ጉድ ነው። በልጅነቱ የተተረተረበት ቦታ ላይ ወፍራም ጠባሳ አለ። ቡጢ በነካው ቁጥር ጠርዙ ይከፈትና ደሙ ዓይኑ ውስጥ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ እየመራ ሳለ ሐኪም ግጥሚያውን አስቁሞበታል። የቦክስ ፌዴሬሽኑም ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ በደም ምክንያት ከቆመብህ ፈቃድህን እንወስዳለን ብሎታል። በዚህ መሃል ነው ከዋና ከተማው ልጅ ከኤቨራርዶ ጋር ለአገሪቱ የሻምፒዮና ቀበቶ እንዲገጥም የተመረጠው። እንግዲህ ቅንድቡ ደምቶ አልቆም ካለ ቀበቶውም ቦክሱም አበቃለት ማለት ነው።

ያን ሰሞን ሜልቫ ወደ ቦክስ ጂማችን መጣች። እኔ እዚያ ባልዲና ወንበር ተሸካሚ ነኝ፤ ዙር ሲያልቅ ወንበሩን ከቦክሰኛው በታች የማስገባው እኔ ነኝ። ስትገባ አብዲኤል ፊቱን የጨው ውሃ ውስጥ ዘፍቆ ነበር። ጨው ቆዳ ያጠነክራል የሚለውን ነገር ከአባቶቻችን ነው የወረስነው።

«ይሄ ልጅ ነው ወይስ የደረቀ ዓሣ ልታደርጉት ነው?» አለች።

«ቆዳው እንዲጠና ነው፣» አለ አሰልጣኛችን ኤርሞሄኔስ።

«ስማ፣ ጠባሳ ፋይብረስ ቲሹ የሚሉት ግትር ሥጋ ነው። ሱሪ ጉልበት ላይ እንደተጣፈ እራፊ በለው። እራፊው ራሱ አይቀደድም፤ አልሳብም ስለሚል ከጎኑ ያለው ነው የሚቀደደው። አንተ ደግሞ ጭራሽ ታደርቀዋለህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅንድቡን በኮኮናት ዘይት ታሸው ጀመር። የጂሙ ልጆች መቼ ዝም ይላሉ። «አብዲኤል፣ ለቀበቶው ነው ወይስ ለቁንጅና ውድድሩ?» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጡት።

አንድ ጠዋት ደግሞ ሲላጭ አገጩን ጫር አደረገው። ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ ደሙ አልቆመም። ሜልቫ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ምንድን ነው የምትወስደው?»

«ምንም።»

«አብዲኤል።»

«አስፕሪን ነው አክስቴ። እጄን ሲያመኝ ኤርሞ ይሰጠኛል። በየቀኑ።»

ኤርሞሄኔስ ላይ ያወረደችውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ የቤተ ክርስቲያን ሴት ናት። ስድቡ ሲያልቅላት ግን የሪንጉ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በእርጋታ አስረዳችው።

«ሰው ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚደርሱለት ፕላትሌቶች ናቸው፤ የደም ጠጋኞች በላቸው። ቀዳዳው ላይ ሄደው ይለጠፋሉ። ከዚያ ፋይብሪን የሚባል ክር ይመጣና እንደ ዓሣ መረብ ያስራቸዋል። ደም ረጋ የምንለው ያኔ ነው። አስፕሪን ጠጋኞቹን ያሰንፋቸዋል። ጥፋተኛው የልጁ ቆዳ ብቻ አይደለም።»

ኤርሞሄኔስ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። «እኔ እኮ የራስ ምታት ኪኒን ነው ብዬ ነው፣» አለ። ክፋት እንዳልነበረበት ሁላችንም እናውቃለን። አስፕሪኑም ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ «በግጥሚያው ቀን ደሙን የምትይዢለት አንቺ ነሽ፣» አላት። እሷም እስኪለምናት አልጠበቀችም።

በግጥሚያው ቀን ሜልቫ የሐኪም ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሪንጉ ጥጋችን ስትወጣ የዋና ከተማው ደጋፊዎች «እማማ፣ ሾርባውን ረሱት!» ብለው አሽካኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻቸው። አብዲኤል ሰባት ዙር በደንብ ተፋለመ። በስምንተኛው ግን ከኤቨራርዶ ጋር ራስ ለራስ ተጋጩና ያ የተረገመ ቅንድብ ተከፈተ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግማሽ ፊቱ ደም ነበር።

እስከ ቀጣዩ ዙር ያለን አንድ ደቂቃ ነው። ሜልቫ መድኃኒት የነካ ጥጥ ቁስሉ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ከዚያ በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረገችም። እኔን ሊያሳብደኝ የደረሰው ይህ ነው። ኤርሞሄኔስ ፎጣ ይዞ ሲጠጋ በክርኗ ገፋችው።

«እስቲ ቆሞ እንደሆነ ልየው፣» አለ።

«ነክተህ ያየኸው ቁስል አይረጋም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

የግጥሚያው ሐኪም ወደ ጥጋችን ወጡ። «ወይዘሮ፣ እጅዎን ያንሡልኝ፣ ቁስሉን ልየው።»

«ዶክተር፣ ደቂቃዬ አላለቀም። ሲያልቅ ያዩታል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን የሜልቫ አውራ ጣት ተጨመረበት። «አክስቴ፣ ሊያስቆሙብኝ ነው፣» አላት አብዲኤል ቀስ ብሎ። «ዝም ብለህ ተንፍስ፤ ደምህ ሥራውን እየሠራ ነው፣» አለችው። ሐኪሙ ሰዓታቸውን አይተው ጠበቁ።

ከጥጉ ውጡ ሲባል ጣቷን አነሣች። ቁስሉ አፉን ከፍቷል፣ ግን ደርቋል፤ ጥቁር ቀይ የረጋ ደም ሞልቶታል። በላዩ ቫዝሊን ደረበችበት። ሐኪሙ ጎንበስ ብለው አዩና ለዳኛው «ይቀጥል፣» አሉት። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቃል የለም።

ዘጠነኛውን ዙር ያ ቅንድብ ቻለው። በአሥረኛው አብዲኤል በሁለት ዓይኑ አጥርቶ እያየ ግራ እጁን ከኤቨራርዶ ጎድን ሥር ሰደደው። ኤቨራርዶ በግንባሩ ተደፋ፤ ዳኛው ቆጥሮ ሲጨርስም ገና ለመነሣት ይታገል ነበር። ኤርሞሄኔስ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኔ የባልዲውን ውሃ በገዛ ራሴ ላይ ደፋሁት። ሻምፒዮን ሆንን፤ ያ ሁሉ የተሳለቀብን ሕዝብ ዓይኑ እያየ ሻምፒዮን ሆንን።

ቀበቶውን ሲያስታጥቁት ፎቶ አንሺው ሰብሰብ በሉ አለን። ሜልቫን ብንፈልግ የለችም። ለካ ሪንጉን አቋርጣ ሄዳ ኖሯል። ኤቨራርዶ በወደቀበት ግንባሩ ተፈንክቶ ሰዎቹ በፎጣ ይጠርጉታል፣ ይደማል፣ ደግመው ይጠርጉታል።

«ተወው፣ አትጥረገው፣» አለችው የኤቨራርዶን አሰልጣኝ።

«አሸንፋችሁናል እኮ፤ ደግሞ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

ፎጣውን ከእጁ ወስዳ አጠፈችና የልጁ ግንባር ላይ ተጫነች። ኤቨራርዶ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ክንዷ ላይ ጣለ። አብዲኤል «አክስቴ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው!» ብሎ ሲጣራ ዘወር እንኳ ሳትል «እናንተ ፎቶውን ተነሡ፤ ይሄኛው ገና አልረጋለትም፣» አለች። ከዋና ከተማው ደጋፊዎች አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ተከተለው።

ፎቶው ዛሬ ጂማችን ግድግዳ ላይ ነው። አብዲኤል ቀበቶውን ታጥቋል፣ ኤርሞሄኔስ ያለቅሳል፣ እኔ በስብሻለሁ። እንግዳ ሲመጣ «ያቺ ስሟ የተነሣው ሴትስ የታለች?» ብሎ ይጠይቃል። ከኋላችን፣ ሌላ ሰው ላይ ያጎነበሰውን ሰፊ ጀርባ በጣቴ አሳየዋለሁ።