የየሺ ፊልትሮና የተረፋ እጅ

ከነቀምቴ መናኸሪያ ጀርባ ቁልቁል ሲወረድ፣ በአንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ከአጥር እስከ አጥር የተወጠረ ሽቦ አለ። ሌላ ግቢ ቢሆን ልብስ ይሰጣበት ነበር። እዚህ የሚሰጣው ወረቀት ነው፤ ቡኒ፣ ጥቁር፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ረጅም ወረቀት። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ነፋስ ነበር። ወረቀቶቹ ሲዘረጉና ሲሰበሰቡ አንዳች ነገር የሚተነፍስ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። ቡጢ በምታህል ቆርቆሮ ውስጥ ከሰው ቁመት የሚረዝም ወረቀት ተጣጥፎ እንደሚኖር የነገረኝ ተረፋ ነው።

"የሚደንቅህ ይሄ ነው?" አለኝ። "መኪና ያለው ሁሉ ይዞት ይዞራል። ከፍቶ የሚያየው ግን የለም።"

ተረፋ መካኒክ ነው፤ ዕድሜው ስልሳ ሁለት። የኑኑ ቁምባ ወረዳ ልጅ ሲሆን ሙያውን የተማረው በደርግ ጊዜ፣ አንገር ጉቲን በነበረው የመንግሥት እርሻ የትራክተር ጣቢያ ነው። የዚያን ጊዜ አለቃው ከሞተር የወጣ የዘይት ፊልትሮ ሳይሰነጠቅ እንዲጣል አይፈቅድም ነበር። ፊልትሮ የዘይቱን ቆሻሻ ይይዛል፤ የያዘውን ያየ ሰው ሞተሩ ምን እንደታመመ ያውቃል። ትራክተሮቹ ዝገው፣ እርሻው ተበትኖ፣ አለቃውም ሞቶ ተረፋ ልማዱን አልተወም። ከየመኪናው የሚያወጣውን ፊልትሮ ሞርሳ በሚሉት የብረት መንከሻ ያስራል፣ በብረት መጋዝ ዙሪያውን ይቆርጣል፣ ወረቀቱን በቤንዚን አጥቦ ሽቦው ላይ ያሰጣል። ሲደርቅ ፀሐይ ላይ ይይዘዋል። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ብረት ነው፤ ብረት ካለ ሞተሩ ራሱን እየበላ ነው።

ሾፌሮች ክርክራቸውን ይዘው የሚመጡት ወደዚህ ሽቦ ነበር። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የየሺ ይሻላል ወይስ ኦርጅናል? የሺወርቅ መናኸሪያው አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ አላት። የሱቋ ስም የታተመበት ሰማያዊ ፊልትሮ በርካሽ ታስመጣለች፤ ሰዉ "የየሺ" ይለዋል። ፊት ለፊቷ ሀብተጊዮርጊስ ኦርጅናሉን ይሸጣል፤ በአንዱ ኦርጅናል ዋጋ ሦስት የየሺ ይገዛል። ተረፋ ሁለቱን ሦስት ዓመት ሙሉ እየሰነጠቀ አየ። እጥፋታቸውን ቆጠረ፤ የኦርጅናሉ ሃምሳ ስምንት፣ የየሺ ሃምሳ አራት። የየሺ ቆርቆሮ ትንሽ ይሳሳል። ማጣበቂያው ግን አልለቀቀም፤ ወረቀቱም አልተቀደደም። ውጤቱን ግድግዳው ላይ በከሰል ሲጽፍ ቆይቶ ፍርዱን ሰጠ።

"በጊዜው የሚቀይር ሰው የየሺን ይግዛ። የማይቀይር ሰው ወርቅም ቢያስር አያድነውም።"

"ስሙስ፣ ኦቦ ተረፋ?" ብሎ የሚያሾፍ አይጠፋም።

"ስም ዘይት አያጣራም።"

ይህን ቃል ሰምተው ወደ የሺ ሱቅ ከዞሩት አንዱ ዋለ ነው። ዋለን ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በጀርባቸው አዝለው ከወሎ አንገር ጉቲን አመጡት። እዚያው አደገ፣ እዚያው አረሰ። ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ለዓመታት ሰሊጥና በሬ ሸጠው አንዲት አሮጌ አይሱዙ ገዙ። የሦስት ቤት ሰው ዓይን ያለው እሷ ላይ ነበር።

የተረፋ ዓይን ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደብዝዟል። ሚስቱ ድርቤ ሻይ ከብርጭቆው ውጭ ሲቀዳ አይታ ሐኪም ቤት ሂድ ብትለው፣ "ጣቴ ያያል" አላት። ውሸት አልነበረም። ፊልትሮ አፉ ላይ የጎማ ቀለበት አለው። አሮጌው ሲፈታ ቀለበቱ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሳያዩ አዲሱን በላዩ ካሰሩት ሁለት ጎማ ይደራረባል፤ ለጊዜው ይይዛል፣ ግፊት ሲበዛ ግን ይሾልክና ዘይቱን ያስተፋል። ተረፋ ታዲያ አዲስ ከማሰሩ በፊት በቀኝ ሌባ ጣቱ ቦታውን ዙሪያውን ይዳብሳል። ያ ጣት ፀጉር እንኳ አያመልጠውም ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ፊልትሮ ሲሰነጥቅ መጋዙ አመለጠውና ያንኑ ጣት ቆረጠው። ድርቤ በጨርቅ ጠቀለለችለት። ሰኞ ጠዋት ዋለ ዘይትና ፊልትሮ ሊያስቀይር መጣ።

"አያ ተረፋ፣ በሞቴ ፍጠን። በቆሎው ሜዳ ላይ ተቆልሏል።"

"በቆሎህ እግር የለው፣ የት ይሄዳል?"

"እሱስ አይሄድም፤ ምስጡ ግን እግር አለው።"

ተሳሳቁ። ተረፋ አሮጌውን ፈታ፣ በተጠቀለለ ጣቱ ዳበሰ፣ ለስላሳ ሆነለት፣ የየሺን አሰረ። ሞተሩን አስነስቶ ከሥር አየ፤ ጠብታ የለም።

"ዘይት ሲጎድል የምትበራው መብራት ከተቃጠለች ቆየች፤ አሠራት ብዬህ ነበር።"

"ስመለስ" አለ ዋለ፣ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ።

የተመለሰው ሐሙስ፣ በሌላ መኪና ተጎትቶ ነው።

"ኡኬ ከተማን አልፌ ዳገቱ ላይ ነው" አለ ሲወርድ። ፊቱ አቧራ ብቻ ነበር። "አንኳኳች፣ አንኳኳች፣ ከዚያ ጸጥ። ወርጄ ባይ ዘይቷ ቁልቁል መንገዱን ይዟል።"

መብራት የለ፣ ማን ይንገረው? ሞተሩ ያለ ዘይት ግሎ ተጣብቋል። "ማል ታኤ? ምን ሆነ?" እየተባባለ የመናኸሪያው ሰው ግቢውን ሞላው። ሀብተጊዮርጊስ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ።

"ምን ይሆናል? የሻይ ማጥለያ አስሮ አንገር ጉቲን የወረደ ሰው ምን ይሆናል?"

ሰዉ ሳቀ። የሺወርቅ የሱቋን በር ክፍት ትታ ነው የመጣችው። ነጠላዋ በአንድ ትከሻዋ ወርዷል። ማንም ያልጠየቃትን "የኔ አይደለም፣ የኔ አይደለም" ትላለች።

ተረፋ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ቆየ። ሲወጣ ፊልትሮው በግራ እጁ ነው፤ ቀኝ እጁ የቱታው ኪስ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። ወደ ሞርሳው ሄዶ እንደ ወትሮው አሰረ፣ ቆረጠ፣ ወረቀቱን መዝዞ ለሰዉ ሁሉ እየዞረ አሳየ። አንድም እጥፋት አልተከፈተም።

"ደህና ነው" አለ።

"ደህና ከሆነ ዘይቱ በየት ወጣ? በጸሎት?" አለ ሀብተጊዮርጊስ። "ጎማው ነው! ርካሽ ጎማ ነው የተፋው!"

"ልክ ነው፣ ጎማው ነው!" የሚሉ በዙ።

"ኦቦ ተረፋ፣ ንገራቸው እንጂ!" አለች የሺወርቅ። "ከኦርጅናል አይተናነስም ያልከው አንተ ነህ!"

ዋለ እጁን አነሳ። "እሱ ይናገር። አያ ተረፋ፣ ነው ካልክ ነው፤ አይደለም ካልክ አይደለም። እኔ ሌላ ዳኛ የለኝም።"

ጎማው ነው ቢል የማያምነው አልነበረም። አርባ ዓመት የሠራበት ስም እንዳለ ይቆይ ነበር። የሚወድቀው ሰማያዊ ቆርቆሮና ቆርቆሮውን የምትሸጥ ሴት ብቻ ናቸው። ተረፋ ሽቦው ላይ የተሰጡትን ወረቀቶች አየ፤ ማየቱን እንጃ፣ ወደ እነሱ ዞረ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። የጣቱ ጨርቅ ተፈትቷል። መዳፉ ላይ ተበጥሶ የተጠማዘዘ የጎማ ቀለበት ነበር።

"የየሺ ጎማ ይኸው፣ አፉ ላይ አለ። ይሄ የድሮው ነው። ሳላነሳው በላዩ አስሬበታለሁ። ፊልትሮው አይደለም፤ እጄ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀው ሀብተጊዮርጊስ ነው። "ለየሺ ብሎ ነው! የሰው ጥፋት በኪሱ ይዞ የሚዞር ሽማግሌ አያችሁ?"

ዋለ አልሳቀም። ቀለበቱን ከተረፋ መዳፍ አንስቶ አገላብጦ አየው።

"ለምን ነገርከኝ?" አለ በቀስታ። "ፊልትሮው ነው ብትለኝ እሷን እየረገምኩ እኖር ነበር። አሁን ማንን ልጥላ?"

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ተረፋ ሲጠሩት ቀርቦ፣ የመብራቱን ነገር አንድም ጊዜ ሳያነሳ፣ የመበየጃ ማሽኑንና ሁለቱን ትልልቅ ክሪኮች ለዋለ ካሳ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሾፌር ወደ ግቢው አልዞረም። "ዓይነ ስውር መካኒክ" ይሉት ጀመር። እኔን የገረመኝ ግን የየሺ ነገር ነው። ነጻ የወጣው ፊልትሮም የሚገዛው አጣ፤ "ያ ሞተር ያቃጠለው" ነው የሚሉት፣ ያቃጠለው እሱ እንዳልሆነ በጆሯቸው የሰሙት ሰዎች። የሺወርቅ ሁለት ወር ታግሳ ኦርጅናሉን ደረደረች፤ ስሟ ያለበትን ካርቶን ወደ ጓዳ አስገባች። መንገድ ላይ ተረፋን ስታገኘው ወደ ማዶ ትሻገራለች።

ድርቤ ልታጽናናው፣ "ዱጋን ኒ ቀለቲ መሌ ሂን ጪቱ" አለችው፤ እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም።

"ቀጥናለች" አላት። "እኔ ደግሞ ዓይን የለኝም፤ በምን ላያት?"

ግንቦት ላይ የዋለ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመች። ወንድሞቹ ከብት ሸጠው ሌላ ጋራዥ ወስደው አሠርተዋታል። ዋለ አልወረደም። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አሮጌ ፊልትሮ ወረወረ፤ ግቢው ውስጥ ተንከባለለ። ኦርጅናል ነው።

"አያ ተረፋ! ሰንጥቀህ እየው እስቲ!"

ተረፋ ሳይቸኩል ሞርሳው ላይ አሰረው። የቀረው መሣሪያ ሞርሳውና መጋዙ ነበር። ቆረጠ፣ አጠበ፣ ታኅሣሥ ላይ ከሰቀለው የየሺ ወረቀት አጠገብ አሰጣው። ሞተሩን ሳያጠፋ ዋለ ይጠብቃል። ተረፋ አንዱን ወረቀት በቀኝ፣ አንዱን በግራ ጣቶቹ መሐል ይዞ ረጅም ጊዜ ዳበሰ።

"እሺ?" አለ ዋለ።

"ያው ነው።"

"ያው?"

"ያው ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም።"

ዋለ ራሱን ነቀነቀ። "አምንሃለሁ" አለ፣ ወዲያው። "በሞቴ፣ ከዚህ ከተማ ሰው ቃሉን የማምነው ያንተን ብቻ ነው።"

ማርሹን አስገባ። ጋቢናው ውስጥ፣ አጠገቡ ወንበር ላይ፣ ሌላ አዲስ ኦርጅናል ከነካርቶኑ ተቀምጦ ነበር። ወደ ሌላው ጋራዥ ሊያሳስረው ዳገቱን ወጣ።