የአባቴ በርጩማ በቬኒስ

ቬኒስ ውስጥ መቀመጥ ያስከፍላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ቡናውን ቆማችሁ ከጠጣችሁ አንድ ዋጋ ነው፤ ወንበር ከሳባችሁ ሌላ ዋጋ። ደረጃ ላይ አረፍ ልበል ካላችሁ ደግሞ ጠባቂ መጥቶ በጣቱ ያስነሳችኋል። እኔ ግን ከተማዋን በነፃ ተቀምጬ አይቻታለሁ። መቀመጫዬን ከጅማ ይዤ ነበር የሄድኩት።

አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነው። ከሄርማታ መርካቶ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቁ፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ እየጠረበ ነው ያሳደገን። ቡና ደርሶ ገበሬው እጅ ብር ሲገባ፣ በርጩማዎቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን አጋሮና ሊሙ ገነት ገበያ እንሄድ ነበር። እሱ ከገዢ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል፤ እኔ ገበያውን ስዞር እውላለሁ። «አንቺ ልጅ፣ በርጩማ ሠሪ ቤት ተወልደሽ መቀመጥ የማታውቂ!» ይለኛል። እውነቱን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት አንድ እግሬ በር ላይ ሆኖ ነው፤ ውጤቴም እንደ አቀማመጤ ሆነ። ኪቶ ፉርዲሳ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ግቢ የማውቀው በባጃጅ በበሩ ሳልፍ ነው።

አምና የአባቴ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ መሮ እንዳይዝ ከለከለው። እሱ ግን የጀመራትን አንዲት በርጩማ ካልጨረስኩ አለ። መሮው እየሳተበት፣ እያረፈ፣ ራሱን እየተቆጣ ጨረሳት። በዚያው ሰሞን ቬኒስ ከሚደረግ የእደ ጥበብ ባዛር ግብዣ መጣለት። ቲኬትና አልጋ ይችላሉ፤ ምግብና ሌላው በራስ ነው። «እኔ በዚህ እጄ የት እሄዳለሁ፣ እሷ ትሂድ» አለ። ሱቅ ውስጥ የነበሩትን በርጩማዎች ጠቅልለን ስናበቃ ያቺን ለብቻዋ ሰጠኝ።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ነገሩ ከልቡ ሲሆን ወደ ኦሮምኛው ይሄዳል። «ሌሎቹን ለፈለገ ሽጪ። ይቺ የመጨረሻዬ ናት። የሚቀመጥባት ሰው ፈልጊላት። ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል እንዳትሰጪብኝ።»

«በርጩማ ደግሞ ማን ይሰቅላል አባ?»

«ይሰቅላሉ። ፎቶ አይቻለሁ።»

ከቬኒስ ባቡር ጣቢያ ስወጣ፣ አስፋልት የጠበቅኩበት ቦታ ላይ ውሃ ነበር። ሱብሃነላህ ብዬ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ እየገፋኝ ያልፋል። መኪና የለም። አምቡላንሱ ጀልባ ነው፤ ቆሻሻ የሚያነሳው ጀልባ ነው፤ ፍሪጅ የገዛ ሰው ፍሪጁ በጀልባ ይመጣለታል። ቤቶቹ እግራቸውን ለመታጠብ እንደገቡ ሰዎች ደጃፋቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል። የመጀመሪያውን ድልድይ ስወርድ አንድ ጎረምሳ በእጅ ጋሪ ላይ ካርቶን ቆልሎ፣ ደረጃ በደረጃ እየጎተተ «አቴንሲዮኔ!» ብሎ ጮኸብኝ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። መርካቶአችን ውስጥ ጋሪ ገፊው «ዞር በሉ!» ሲል ድምፁ ይኸው ነው። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

የማድርበት ሆስቴል ሠራተኛ ደግሞ ይህ ሁሉ የድንጋይ ቤትና ቤተ ክርስቲያን የቆመው ጭቃ ውስጥ በተተከለ ግንድ ላይ ነው አለኝ። ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ።

«እንጨት ላይ? ቤተ ክርስቲያኑም?»

«ሁሉም።»

«ድፍረታቸው!» አለ።

ባዛሩ ላይ በርጩማዎቹ ተሸጡ። ገንዘቡ ለአባቴ ሕክምና ስለሆነ አልነካውም። ያቺን የመጨረሻዋን ወደ ኋላ ሸሽጌ ነበር፤ ግራጫ ኮት የለበሰች አንዲት ሴት ግን አየቻት። በስልኳ ቤቷን አሳየችኝ። ነጭ ግድግዳ ላይ ከየአገሩ የተለቀሙ በርጩማዎች እንደ ቋንጣ ተሰቅለዋል። የጠራችው ዋጋ የሌሎቹን ሁሉ ያስንቃል። አላማረኝም ብል ውሸት ነው። በዚያ ገንዘብ አባቴን አዲስ አበባ ትልቅ ሐኪም ጋ ማድረስ ይቻል ነበር። «ላስብበት» አልኳት፤ ስልክ ቁጥሬን ወሰደች።

ባዛሩ ሲዘጋ በረራዬ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ቀን ተረፈኝ። አክስቴ የጠቀጠቀችልኝን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በፌስታል ይዤ፣ ከየአደባባዩ ቧንቧ በነፃ ውሃ እየጠጣሁ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። የጀልባ ቲኬት የማይታሰብ ነው። በርጩማዋን ብዙ ሆነን የምናድርበት ክፍል ውስጥ ትቻት መሄድ ስላልቻልኩ በሻርፕ ጀርባዬ ላይ አዘልኳት። ሰው ሁሉ ልጅ የያዝኩ መስሎት ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ሦስት እግር ሲያይ ይደነግጣል።

ትልቁ አደባባይ ላይ፣ ከወርቃማው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት አውርጃት ተቀመጥኩ። ጠባቂው ወዲያው መጣ።

«መቀመጥ አይቻልም።»

«መሬት ላይ እኮ አይደለሁም» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ወደ ታች እያሳየሁ።

ዞራት። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። ሳቀና በአገጩ ጥጉን አሳየኝ፤ አለቃው የማያይበትን መሆኑ ነው። እዚያ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወርቁ እየቀላ፣ እየቀላ ሄደ። እርግቦቹ እስኪበተኑ አልተነሳሁም። እኔ! አባቴ ቢያየኝ አያምንም ነበር።

አሮጊቷን ያገኘኋቸው በማግስቱ፣ ቱሪስት በማይበዛበት፣ ልብስ ከመስኮት ወደ መስኮት በተሰጣበት ሰፈር ነው። ድልድይ ሥር ተቀምጬ ጭኮዬን ስበላ፣ ባለ ጎማ ቦርሳ እየጎተቱ፣ በየደረጃው እየቆሙ ወረዱ። እኔም ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ታኣ፣ ይቀመጡ እማማ!» ኦሮምኛም አማርኛም አይሰሙም፤ እጄን ግን ተረዱ። እኛ ጋ ትልቅ ሰው «ኧረ ተቀመጪ ልጄ» ብሎ ይግደረደራል፤ ተለምኖ፣ ተለምኖ ነው ጫፏ ላይ የሚያርፈው። እሳቸው ግን ዘፍ አሉ። ጉልበታቸውን ከፍተው፣ ቦርሳቸውን ፈትተው፣ ባቄላ መፈልፈል ጀመሩ። ቆሜ ሳያቸው ለእኔም አንድ እፍኝ ዘረጉልኝ። ሳንነጋገር ፈለፈልን። ሲጨርሱ መቀመጫዋን በመዳፋቸው አሹ፣ አንድ ነገር ተናገሩ፣ «ቻው» ብለው ሄዱ። «ቻው» አልኩ እኔም። እንደገና ስቀመጥ በርጩማዋ ሞቃ ነበር።

ማታ ባለ ግራጫ ኮቷ መልእክት ላከች፦ ነገ እኩለ ቀን ላይ መልስ ካልሰጠሽኝ ሌላ እገዛለሁ። በረራዬም ነገ ማታ ነው። ተገላበጥኩ። በርጩማ የሚፈልግ ሰው አጥቼ እኮ አይደለም። ግን ባዛሩ ላይ ሁሉም ፎቶ አነሳ፣ ነካካ፣ ገለበጠ፤ ቁጭ ያለበት የለም። የተቀመጡት አሮጊቷ ብቻ ናቸው።

ጠዋት ልፈልጋቸው ወጣሁ። ለሰፈሩ ምልክት ያደረግኩት ባለ አረንጓዴ መስመር አንሶላ ነበር። ደርቆ ገብቷል! ከዚህ የበለጠ ሞኝነት አለ? ድልድዮቹ ሁሉ እህትማማች ናቸው። እየሮጥኩ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ መልሼ እዚያው ተገኘሁ። ሲደክመኝ አንዱ ድልድይ ሥር ያዘልኳትን አውርጄ ተቀመጥኩ። ዝቅ ብዬ ሳይ፣ በድልድዩ ቅስት ውስጥ ትናንት ጭኮዬን እየበላሁ ሳያት የነበረችው ቀለሟ የተላጠ ጀልባ ታየችኝ። ቆሜ እየሮጥኩ ያጣሁት ቦታ ሥሬ ነበር።

የእኩለ ቀን ደወል ተደወለ። አሮጊቷ የሉም። ስልኬ ጮኸ፤ ባለ ግራጫ ኮቷ ናት። ባዶ ድልድይ እያየሁ አነሳሁት።

«ይቅርታ» አልኳት። «ሰው ተቀምጦባታል።»

ዘጋሁት። የአባቴን ሐኪም በገዛ አፌ መለስኩት ማለት ነው፤ ደግሞስ አሮጊቷ ባይመጡ?

መጡ። ሳይቸኩሉ፣ በየደረጃው እየቆሙ። ሲያዩኝ ሳቁና ቀጥ ብለው መጥተው ተቀመጡ። በርጩማዋን ጠቁሜ፣ ደረታቸውን ጠቆምኩ፦ የእርስዎ ናት። ይሄኔ ተግደረደሩ! እጃቸውን አወናጨፉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሊነሱ ሞከሩ። «ወላሂ ይወስዷታል» አልኩ ትከሻቸውን ይዤ። ለምኜ፣ ለምኜ እሺ አሉ። ልክ እንደ እኛ ሰው።

ቤታቸው ከድልድዩ ማዶ ነው። በርጩማዋን ወጣ ገባ በሆነው የደጃፍ ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፤ ገብተው የባቄላ ሾርባ አመጡልኝ። ከጅማ ከወጣሁ የመጀመሪያው ትኩስ ምግቤ ነው። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብዬ ጠጣሁትና ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩ። ከተማዋን ይይልኝ ብዬ ስልኩን ወደ ውሃው አዞርኩ።

«ተዪው ውሃውን። እሷን አሳዪኝ።»

አሳየሁት። አሮጊቷ ከላይዋ ሆነው እጃቸውን አውለበለቡለት።

«ትንቃነቃለች?»

«አትንቃነቅም አባ።»

«ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው እኮ። ደግመሽ እዪ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሦስቱም እግር መሬት ይዟል።

«ወላሂ አትንቃነቅም።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ። ስልኩን የያዘው በቀኝ እጁ ነበር። ፊቱ ስክሪኑ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ እየሳቀ ነበር።