ያልተሳካውን አምጡ

አጎቴን ከቀበርን ወዲህም ቅዳሜ መምጣቱን አልተወም። ንፋስ መውጫ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ከስማዳና ከእስቴ ሳይቀር መምህራን ለምነው የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመማሪያ ክፍሉን ወንበሮች ክብ አድርገው ይደረድሩና፣ «የተሳካላችሁን ቤታችሁ አውሩት፤ እዚህ ያልተሳካውን አምጡ» ይሉ ነበር። ቀድመውም የራሳቸውን ይናገራሉ።

እኔም መካነ ኢየሱስ እንግሊዝኛ እንዳስተምር ስመደብ፣ «አባል መሆን ምን ይጠቅመኛል፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

«የቆሎ ተማሪ እንኳ ትምህርቱን ብቻውን እየደጋገመ አይቀጽልም። ጓደኛ ያልሰማው ስህተቱን ይዞ ይቀራል» አሉኝ። በልጅነታቸው እዚያው አካባቢ ባለው ቤተ ልሔም ገዳም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል።

ሄድኩና፣ ተማሪዎቼ ምንባቡን ሸምድደው ይወጡታል እንጂ አንዱም እንዳልገባው እያፈርኩ ተናገርኩ። አንድ የስማዳ መምህር «የእኔም!» ብሎ ሳቀ። የእሱ ተማሪዎች ስለ ገበያቸው በእንግሊዝኛ እንዲያወሩ ሲያደርግ እንዴት አፋቸው እንደተፈታ ነገረኝ። ሰኞ ሞከርኩት፤ ሠራ።

ከዚያ መንገዱ መዘጋት ጀመረ፤ መምህራኑ አንድ በአንድ ቀሩ። እኔም መንገዱ ክፍት በሆነ ቅዳሜ ሳይቀር «የሚቀጥለው ሳምንት» እያልኩ ቀረሁ። እሳቸው ግን ወንበሮቹን መደርደር አልተዉም። ደውለው «ወንበርሽን አስቀምጫለሁ» ይሉኝ ነበር።

አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ቅዳሜ ትምህርት ቤታቸው ሄድኩ። ወንበሮቹ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። አውርጄ ክብ አድርጌ ደረደርኳቸው፤ ተቀምጬም የሳምንቱን ያልተሳካ ትምህርቴን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«የእኔም» የሚል አልነበረም።